የመጽሐፉን እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ የታካሚውን ግን አልሰማውም

ውድ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን እከታተላለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬ 26 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ነርሲንግም የተማርኩት እዚያው ነው። አሁን ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ባለ ክሊኒክ እሠራለሁ። አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከባቲ የመጡ ልጆች ናቸው። ከእነሱ ጋር ችግር የለብኝም። እንዲያውም ይወዱኛል።

ችግሬ የውጭ አገር ሰዎቹ ናቸው። ቴክኒሻኖችና ሱፐርቫይዘሮች አሉ፤ ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው፤ የሚያግባባን እንግሊዝኛ ብቻ ነው። በቅርቡ አንዱ ጠዋት ራሱን ይዞ መጣ። «ላስት ናይት አይ ፓስድ አውት» አለኝ። ማታ ወጣ ብሎ ሲዝናና ያመሸ መሰለኝ። ፈገግ ብዬ «ጉድ!» አልኩት። እውነትም ጉድ! ፓራሲታሞል ሰጥቼ ልሸኘው ስል ጤና መኮንኑ ደረሰ። እሱ ሲጠይቀው ለካ ሰውየው ራሱን ስቶ ወድቆ ነው። ስኳሩ ሲለካ በጣም ወርዷል። ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ሆኖ ተመለሰ። ጤና መኮንኑ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ዝምታው ነው የገደለኝ።

ከዚያ ወዲህ የውጭ አገር ሰው በሩን ሲያንኳኳ ላብ ያጠምቀኛል። አስተዳደር ቢሮ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ ልጅ አለ፤ እሱን እየጠራሁ አስተረጉማለሁ። በቀደም ግን አንዲት የውጭ አገር ሴት መጥታ፣ እሱን ስታይ «ኖ ፕሮብሌም» ብላኝ ወጣች። ፊቷ ግን ፕሮብሌም ነበረው።

ይባስ ብሎ ኃላፊዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የውጭ ዜጎቹን አንቺ ትይዣለሽ አለኝ። የማታ ተራም አለበት፣ ያኔ ብቻዬን ነኝ። ጭማሪ አለው። እናቴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር «ልጄ ፈረንጅ ታክማለች» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። ጓደኛዬ ደሴ ፒያሳ የሦስት ወር የእንግሊዝኛ ኮርስ ተመዝገቢ ትለኛለች፤ ክፍያው የወር ደመወዜን ጠራርጎ ይወስዳል። ወንድሜ ደግሞ «ዝም ብለሽ ጭማሪውን ተቀበይ፣ ስትሠሪው ትለምጂዋለሽ» ይላል።

አለማወቄን ልናገር? ሥራውን ልተወው? ኮሌጅ በጥሩ ውጤት የጨረስኩ ልጅ ነኝ። ኤፒስታክሲስ (ነስር)፣ ዲስፕኒያ (ትንፋሽ ማጠር)፣ ሲንኮፒ (ራስን መሳት) ሲሉኝ ዓይኔን ሳላሽ እመልሳለሁ። ሲንኮፒን የማውቅ ልጅ ፓስድ አውትን እንዴት አላውቅም? ራሴን እንደ አጭበርባሪ ማየት ጀምሬያለሁ።

ዘ. ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

ውድ ዘ.፣

አብሽሪ እህቴ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሲንኮፒን የምታውቅ ልጅ ፓስድ አውትን እንዴት አታውቅም? ማንም ስላላስተማራት ነዋ። ኮሌጅ የተማርሽው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ለማንበብና ካርድ ላይ ለመጻፍ ነው። ቃላቱ አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን የመጡ ናቸው፤ ሐኪም ከሐኪም ጋር ይግባባባቸዋል። የታመመ ሰው ግን በዚያ ቋንቋ አይታመምም። እንግሊዝ አገር ተወልዶ ያደገ የአውቶቡስ ሹፌርን «ኤፒስታክሲስ ይዞሃል» ብትዪው ደንግጦ ኑዛዜ ሊጽፍ ይችላል። «ኖዝብሊድ» ብትዪው ግን አፍንጫውን ቆንጠጥ አድርጎ ቁጭ ይላል። ዲስፕኒያ እሱ ቤት «ሾርት ኦፍ ብሬዝ» ነው። ሲንኮፒም እንደ ሰዉ «ፌይንት»፣ «ፓስ አውት»፣ «ብላክ አውት» ይባላል።

እስቲ ነገሩን ገልብጠሽ እይው። አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረች አንዲት የውጭ አገር ነርስ ኮምቦልቻ ብትመጣ፣ ያንቺ ወንበር ላይ ብትቀመጥ፣ ከባቲ የመጣው ልጅ ገብቶ «ሌሊቱን አስቀመጠኝ» ቢላት ምን ትረዳለች? ማን ነው ያስቀመጠህ ብላ ትጠይቀው ይሆናል። ሌላዋ «ወደ ላይም ወደ ታችም ሲለኝ አደረ» ብትላት ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ያደረች ይመስላታል። «ጭው አለብኝ»፣ «ምች መታኝ»፣ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ሲመጣማ ተይው። ተቅማጥ የሚለውን ቃል አሳምራ ታውቃለች እኮ፤ መጽሐፉ ላይ አለ። ይህችን ነርስ አጭበርባሪ ትያታለሽ? የምትያት አይመስለኝም። ሻይ ጋብዘሽ ታስረጃታለሽ።

ታዲያ ለራስሽ ይህን ያህል ለምን ትጨክኛለሽ?

አንድ ነገር ግን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ የጻፍሽልኝም እንድሸፋፍንልሽ አይመስለኝም። የዚያን ጠዋት እኔን ያስፈራኝ ቃሉን አለማወቅሽ አይደለም። የገባሽ መስሎሽ ማለፍሽ ነው። ራሱን ይዞ ለመጣ ሰው «ጉድ!» ከማለት በፊት አንድ ጥያቄ ብትጨምሪ ኖሮ፣ ለምሳሌ «ዋት ሃፕንድ?» ብትዪው፣ ሰውየው በእጁም በእግሩም ወድቆ ያሳይሽ ነበር። እንግሊዝኛ ለእሱም ሁለተኛ ቋንቋው እንደሆነ አትርሺ። እሱም ቃል እየለቀመ ነው የሚያወራሽ። እኔ የምጠረጥረው፣ ደግመሽ ያልጠየቅሽው አለማወቅሽ እንዳይታወቅብሽ ፈርተሽ ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

የጤና መኮንኑስ ዝምታ? አንቺ ንቀት አድርገሽ ወስደሽዋል። ምናልባት ንቀት ነው። ምናልባት ደግሞ ሰውየውን ለመላክ ሲሯሯጥ ረስቶት ነው። ወይም እሱም በጀማሪነቱ የባሰ ነገር ደርሶበት ስለሚያውቅ ሊያሸማቅቅሽ አልፈለገም ይሆናል። ጠይቀሽዋል? ካልጠየቅሽው በዝምታው ውስጥ የሰማሽው ድምፅ ያንቺው ነው። አንድ ቀን ሥራ ቀለል ሲል «ያን ዕለት ቃሉ አልገባኝም ነበር፤ አንተ ባትደርስ ምን እሆን ነበር» በዪው። ከዚያ የሚመልስልሽን ስሚ። ይህ ሰው ወደፊት በጣም ያስፈልግሻል፤ እመለስበታለሁ።

አሁን በጣም ወዳሳሰበኝ ጉዳይ ልምጣ። «ኖ ፕሮብሌም» ብላ የወጣችው ሴት።

አስተርጓሚሽ ጥሩ ልጅ ይሆናል፤ ቸርነቱን አልጠራጠርም። ግን የአስተዳደር ሰው ነው። የእረፍት ፈቃዷ፣ የሥራ ውሏ፣ ደመወዟ በእሱ ቢሮ ያልፋል። ወንድ ነው። እስቲ አንቺ አንድ የማታውቂው አገር ሄደሽ ብትሠሪ፣ የወር አበባሽ ተዛብቶ ወይም እርግዝና ጠርጥረሽ ክሊኒክ ብትገቢ፣ እዚያ የሰው ኃይል ቢሮው ልጅ ተቀምጦ ብታገኚው ትናገሪያለሽ? አንቺም «ኖ ፕሮብሌም» ብለሽ ነው የምትወጪው። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ አስተርጓሚ ያሳጥራል። ታካሚዋ አምስት ዓረፍተ ነገር ስትናገር እሱ «ሆዷን አሟታል» ብሎ ያቀብልሻል። ከጣላቸው አራቱ ውስጥ ቁም ነገሩ ሊኖር ይችላል። ሕክምና ላይ ዘመድና የሥራ ባልደረባ ባያስተረጉም ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ልጁን ለቀጠሮ፣ ለወረቀት፣ ለመኪና ጉዳይ ተጠቀሚበት። ስለ ሰውነት ለሚወራው ግን ታካሚውን ሳታስፈቅጂ አትጥሪው። «ኢዝ ኢት ኦኬ ኢፍ ሂ ሄልፕስ አስ?» ማለት ይበቃል፤ ልጁ ከመግባቱ በፊት ግን ይሁን፣ እሱ ፊት ቆሞ «ኖ» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ያቺን ሴት ደግሞ ከቻልሽ በዚህ ሳምንት ፈልጊያት። ሰው በሌለበት፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «አይ አም አሎን ናው። ዩ ካን ቶክ ቱ ሚ» በያት። እንግሊዝኛሽ ቢሰባበርም ሁለት ሴቶች ለብቻቸው ሲሆኑ በጣትም በስዕልም ይግባባሉ። የቀረውን ደግሞ ስልክ ላይ ጽፋ እንድታሳይሽ ጠይቂያት። ጽሑፍ ሲሆን ያንቺ ሜዳ ነው።

ቃላቱን እንዴት ትማሪ? እንደ ኮሌጁ መዝገበ ቃላት ከሀ እስከ ፐ መሸምደድ አያስፈልግሽም። ክሊኒኩ የታካሚ መዝገብ አለው አይደል? እሱን ግለጪው። ያለፉትን ጥቂት ወራት ተመልከቺ። ስም ሳትገለብጪ፣ ምን ብለው እንደመጡ ብቻ ደብተርሽ ላይ አስፍሪ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነውና ምን እንደምታገኚ መገመት አያቅተኝም፤ የተወጋ ጣት፣ በካውያ የተቃጠለ እጅ፣ የወገብ ሕመም፣ ዓይን ውስጥ የገባ ብናኝ፣ ራስ ምታት፣ ጉንፋን፣ ሆድ። ሰው የሚመላለስባቸው ሕመሞች ውስን ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ታካሚው ቤቱ ውስጥ የሚለውን እንግሊዝኛ ፈልጊ። ማስመለስ «ስሮው አፕ» ነው፤ ቮሚቲንግ ሲልሽ የሚውል ሰው አትጠብቂ። የሚፈስ አፍንጫ «ራኒ ኖዝ»፣ የታፈነ አፍንጫ «ስታፊ ኖዝ» ነው። ጉሮሮ ሲያም «ሶር ስሮት» ይላሉ። ማዞር «ዲዚ»። ሽፍታ «ራሽ»። ማበጥ «ስዌል» ወይም «ስዎለን»።

እንግዲህ አንዱ እጁን እያሻሸ መጥቶ «ፒንስ ኤንድ ኒድልስ» ቢልሽ፣ ያውም ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ መርፌ የተሰካበትን ቦታ ፍለጋ እንዳትገቢ። እጁ ደንዝዞ ጉንዳን የሚሄድበት ያህል እየነዘረው ነው። ይህን ስጽፍ ሳቄ መጣ፤ ግን ስንት ሰው በዚህ ይሳሳት ይሆን።

የሕመሙ ዓይነት ላይ ጊዜ ስጪ። እዚህ ላይ አማርኛሽ ይረዳሻል፤ ወሎዬ ሕመሙን ሲገልጽ ደግሞ አይታማም። ይወጋኛል የሚልሽ «ሻርፕ» ነው። ያቃጥለኛል የሚልሽ «በርኒንግ»። ቁርጠት «ክራምፕ»። ይጠዘጥዘኛል የሚለው «ስሮቢንግ» ለሚሉት ይቀርባል። ሲነኩት የሚያመው «ሶር» ነው። ዝም ብለሽ «ፔይን?» ብለሽ አትለፊ። ሁለት ሦስቱን አቅርበሽለት ይምረጥ፤ «ሻርፕ? በርኒንግ?» ቦታውን በጣቱ ያሳይሽ፤ «ሾው ሚ ዌር»። ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው ብለሽ መጠየቁን ኮሌጅ ተምረሽዋል፤ ቁጥሩን ጽፈሽ ብታሳዪው ደግሞ ቋንቋም አይፈልግም።

አንዷን ቃል ለይቼ ላንሳት። እኛ «ልቤን አቃጠለኝ» ስንል ብዙ ጊዜ ስለ ጨጓራ ነው። እንግሊዝኛውም «ሃርትበርን» ይላል፤ እሱም የጨጓራ አሲድ ነው፣ ልብ የለበትም። መመሳሰሉ ደስ ይላል፤ ግን አያዘናጋሽ። የድንገተኛ የልብ ሕመም ምልክት የሆነ የደረት ሕመምን ሰው «ሃርትበርን» ብሎ ሊያቃልለው ይችላል። ደረቱን ከያዘ፣ ላብ ካለው፣ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከሄደበት ቃሉን ትተሽ ሰውየውን እይ። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የደብተርሽ የመጀመሪያ ገጽ ግን ለሚያስደነግጡት ብቻ ይሁን። «ቼስት ፔይን» (የደረት ሕመም)፣ «ታይት ቼስት» (ደረት ጨምድዶ ሲይዝ)፣ «ካንት ብሪዝ» (መተንፈስ ሲያቅት)፣ «ፓስድ አውት»፣ «ብላክድ አውት»፣ «ነምብ» (የደነዘዘ)፣ «አለርጂክ»፣ «ፕሬግናንት» (ነፍሰ ጡር)፣ «ኮፊንግ አፕ ብለድ» (ደም ያለበት ሳል)። «ፊት» የምትለዋን አትርሺ። «አይ አም ፊት» ያለሽ ሰው ጤነኛ ነኝ ማለቱ ነው። «አይ ሃድ ኤ ፊት» ያለሽ ግን እየተንፈራገጠ ወድቆ ነበር። በአንዲት ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገር፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ዓይነት ተንኮል አላት። ይህችን ገጽ በቃልሽ ያዣት። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

ሰዎቹ ከየት እንደመጡ አልነገርሽኝም። ሕንዶች ካሉበት «ሉዝ ሞሽን» ትሰሚያለሽ፤ ተቅማጥ ነው። ማዞርን «ጊዲነስ» ይላሉ። «ሹገር» እና «ቢፒ» ሲሉ ደግሞ ልክ እኛ ስኳርና ግፊት እንደምንለው ነው፤ ወዲያው ትግባባላችሁ። አሜሪካዊ ካለ መርፌን «ሾት» ሊልሽ ይችላል፣ እንግሊዛዊው «ጃብ» ይላል። ፓራሲታሞልን አሜሪካ «አሴታሚኖፌን» ነው የሚሉት፤ አልሰማሁም ቢልሽ አትገረሚ። የሰገራ ናሙና ስትፈልጊም «ስቱል» ብትዪ አንዳንዱ ወንበር የፈለግሽ ይመስለዋል። የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት እንኳ በድረ ገጹ ላይ ሁሉም እንዲገባው ብሎ ሆን ብሎ ሽንትና ሰገራን «ፒ» እና «ፑ» እያለ ነው የሚጽፈው። የልጅ ቋንቋ ነው ብለሽ አትፈሪ።

ቃል ከማወቅ በላይ ሰው የሚጎዳው ግን ቁጥር ላይ ነው። «ፊፍቲን» (15) እና «ፊፍቲ» (50) በጆሮ በቀላሉ አይለዩም፤ መድኃኒት ላይ ግን ልዩነታቸው ከባድ ነው። «ዋን ፋይቭ» ወይም «ፋይቭ ዜሮ» እያልሽ አሃዙን ነጥለሽ ተናገሪ፣ ጻፊውም። ከዚያ የእኛው ሰዓት አለልሽ። «አት ቱ ኦክሎክ» ያለሽ ሰው እኛ ስምንት ሰዓት የምንለውን ነው የሚያወራው። አንቺ ሁለት ሰዓት ብለሽ ከጻፍሽው ሕመሙ የጀመረበት ጊዜ በስድስት ሰዓት ይሳሳታል። የመድኃኒቱ ኤንቨሎፕ ላይ ለእነሱ በእነሱ አቆጣጠር ጻፊ፤ ጠዋትና ማታውን በ«ኤ ኤም» እና «ፒ ኤም» ለዪ። በመጨረሻ ታካሚው እንዴት እንደሚወስደው በራሱ ቃል መልሶ ይንገርሽ። «ቴል ሚ፣ ሃው ዊል ዩ ቴክ ኢት?» «አንደርስታንድ?» ብለሽ ብትጠይቂው ግን «የስ» ይልሻል፤ አንቺስ ያን ጠዋት «ጉድ» አላልሽም?

ሳይገባሽ ሲቀር የምትዪውን አሁን ያዢ፤ በጭንቀት ሰዓት ዓረፍተ ነገር አይመጣም። «ሶሪ፣ ሴይ ኢት አናዘር ዌይ ፕሊስ»፤ በሌላ አባባል ንገረኝ ማለት ነው። ገባኝ ብለሽ ስታስቢም መልሰሽ ንገሪው፤ «ሶ፣ ዩ ፌል ዳውን ላስት ናይት?» ከተሳሳትሽ እሱ ያርምሻል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ነርሶችም እንዲህ እያደረጉ ነው የሚሠሩት።

ለማንበቢያ ሁለት ነጻ ቦታ ልጠቁምሽ። አንዱ የጠቀስኩልሽ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ድረ ገጽ ነው፤ ኤን ኤች ኤስ ይባላል፣ በሽታዎቹን በተራ ሰው ቋንቋ ነው የሚያስረዳው። ሌላው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው ሜድላይን ፕላስ ነው። እዚያ ለታካሚ የተጻፉ አንዳንድ መረጃዎች በአማርኛም አሉ፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ብታነቢያቸው ይጠቅምሻል። አውርደሽ ስልክሽ ላይ ብትይዣቸው ቅዳሜ ደሴ ስትወጪ የሀረጎን ዳገት እስክትጨርሺ የምታነቢው አገኘሽ። ግን ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ያንቺ ችግር ጆሮና አፍ ላይ ነው። ከሥራ ባልደረባሽ ጋር አንዳችሁ ታካሚ አንዳችሁ ነርስ ሆናችሁ ተለማመዱ። መሳቃችሁ አይቀርም፤ ሳቁት።

ያንን የወደቀውን ሰውዬም ጎብኚው እስቲ። «ሃው አር ዩ ናው?» በዪው። ያን ዕለት እንዳልገባሽ ብትነግሪው ይቀየምሻል ብዬ አላስብም። እኔ እሱን ብሆን እንዲያውም ከዚያ ወዲያ ቀስ ብዬ ነበር የማወራሽ።

ወደ ኃላፊሽ እንምጣ። ወንድምሽን አከብረዋለሁ፣ ምክሩን ግን አልቀበለውም። ስትሠሪው ትለምጂዋለሽ የሚባለው ለስፌት ማሽን ነው፤ ጨርቁ ቢበላሽ ይጣላል። ሥራውን ልተወው የሚለውንም አልደግፍም፤ ለሚሞላ ክፍተት እንጀራ አይለቀቅም። ለኃላፊሽ ንገሪው። የወደቀውን ሰው ጉዳይ ጤና መኮንኑ ያውቀዋል፣ ኃላፊሽ ከሌላ ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማው ይሻላል። ስትነግሪው ግን ይቅርታ አታብዢ፤ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። እንዲህ ብትዪውስ? «ኃላፊነቱን ብወስድ ደስ ይለኛል። የሕክምናውን እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ ንግግሩ ላይ ግን ክፍተት አለብኝ፣ እየሠራሁበትም ነው። ለመጀመሪያው ወር ጤና መኮንኑ አብሮኝ ይሁን። ማታ ብቻዬን ስሆን ደግሞ በማንኛውም ሰዓት የምደውልለት ሰው ይመደብልኝ።» ይህን ሰምቶ የሚቆጣ ኃላፊ ካለ ችግሩ ያንቺ እንግሊዝኛ አይደለም። የሚደወልለት ሰው አልመድብም ካለሽ፣ እኔ ብሆን የማታውን ተራ አልቀበልም ነበር፤ ጭማሪውም ቢቀር። አንቺ ግን የቤትሽን ወጪ ታውቂዋለሽ። ያን ጭማሪ ምን ላይ አስበሽዋል? ለእናትሽ ከሆነ፣ ብር ከምትልኪላት ይልቅ እንቅልፍሽን እንዳታጪ የምትመርጥ አይመስልሽም?

እናትሽን በነገራችን ላይ ተያት፣ ታውራ። ውሸት አላወራችም፤ ታክሚያለሽ።

ኮርሱ ቀረ። ክፍያውን ድርጅቱ ይሸፍንልሽ እንደሆነ ኃላፊሽን በዚያው ጠይቂው፤ ለእነሱ ሠራተኞች ነው የምትማሪው። እነሱ ካልከፈሉ ግን ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ቀን ገብተሽ ክፍሉን እይው። ተማሪው ነው የሚያወራው ወይስ መምህሩ? ሰሌዳው ላይ ሰዋስው ሲጻፍ ከዋለ፣ እሱን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ጠግበሽዋል፤ ደመወዝሽን ይዘሽ ውጪ። በዚያ ላይ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተራሽ ወጥተሽ በሳምንት ስንት ቀን ትመላለሺዋለሽ? እኔ የምመርጥልሽ ሌላ ነው። እንዳንቺ የቸገራቸው ሁለት ሦስት ነርሶች ኮምቦልቻ ውስጥ አይጠፉም፤ የሌሎቹ ፋብሪካዎች ክሊኒኮችም አሉ። ተሰባሰቡና አንድ ንግግር የሚያለማምድ መምህር በጋራ ቅጠሩ፤ ወጪውም ይቀልላችኋል። ከመዝገቡ ያወጣሽውን ደብተር አሳዪውና «እኛ የምንፈልገው ይኼን ነው» በዪው። አይ፣ መጀመሪያ የእኔን መጽሐፍ እንጨርስ ካለ ሌላ ፈልጉ።